“እሺ በይ!” እና “እንዳትዪ!” … አንድ ቅዳሜ ጪጩ ላይ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከልብ ጓደኛችሁ ጋር አንድ ሙሉ ቀን አብራችሁ የዋላችሁት መቼ ነው? ለቅሶ ቤት አይቆጠርም። ሠርግ ቤትም አይቆጠርም፤ እዚያ ከጓደኛ ይልቅ ወጡና ድንኳኑ ነው የሚያዋራችሁ። ካፌ ቁጭ ብላችሁ አንዳችሁ ስልክ ሌላችሁ መንገደኛ ስታዩ ያለፈውንም ግማሽ ሰዓት ተዉት። እኔ የምጠይቃችሁ ጥሪ ሳይኖር፣ ቀጠሮ ሳይኖር፣ “ዛሬን አብረን እንዋል” ተባብላችሁ የወጣችሁበትን ቀን ነው።

ብዙዎቻችን አናስታውሰውም። “ጊዜ የት አለና!” እንላለን። እውነቱን ለመናገር ግን እንዲህ ያለው ውሎ ሥራ መፍታት ይመስለናል። በተለይ እንደኛዋ ዲላ ባለች የንግድ ከተማ፣ አንዱ ቡና፣ አንዱ ጫት፣ አንዱ አናናስ ይዞ በሚሯሯጥባት አገር፣ ሁለት ሴቶች ተያይዘው ዛፍ ሊያዩ ሄዱ ቢባል ሰው ምን ይላል? “ምን ነካቸው?” ነዋ!

እኔና ጓደኛዬ ግን ባለፈው ጥቅምት ሄድን። ደግሞ ያለ ነገር አልሄድንም፤ የከበደ ጉዳይ ነበረባት። ጉዳዩን ላጫውታችሁ ፈቅዳልኛለች። ስሟን፣ ሰፈሯንና ቀበሌዋን ግን አትጠይቁኝ። የዲላ ልጅ ናት ማለቱ ይበቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው

ጓደኛዬና እኔ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነው የተማርነው። አሁን እሷ ዲላ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ የልጆች ብስኩት ትሸጣለች። ቤተሰቦቿ ገጠር ናቸው። አባቷ ባለፈው ዓመት አረፉ። ግማሽ ሄክታር በማትሞላው መሬት ላይ እናቷ፣ ታላቅ ወንድሟ፣ ሚስቱና አራት ልጆቹ ቀሩ።

የጌዴኦን ጓሮ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከሩቅ ስታዩት ጫካ ነው። ገባ ስትሉ ግን የሰው እጅ ያልነካው ነገር የለም። ከላይ ዋንዛና ብርብራ ጃንጥላውን ዘርግቷል፣ ከሥሩ እንሰት ሰፊ ቅጠሉን ጥሏል፣ ከእንሰቱ አጠገብ ቡና፣ ከቡናው ሥር ደግሞ ጎደሬው፣ ቃሪያው፣ ጎመኑ አለ። ቤቱ ራሱ መሃሉ ላይ ተደብቆ ጭሱን ብቻ ነው የምታዩት።

ታዲያ ወንድሟ አንድ ሐሳብ መጣለት። ትልልቆቹን ዋንዛዎች ለጣውላ ሸጦ፣ የላይኛውን ቡናና እንሰት ነቅሎ፣ ቦታውን በሙሉ ጫት ሊያደርገው አሰበ። እናታቸውን ሲጠይቃቸው “እኔ አሮጊት ነኝ፤ እህትህ እሺ ካለች እሺ” አሉት። ሸክሙን ከራሳቸው አውርደው ልጃቸው ላይ ጫኑት ማለት ነው!

ከዚያ ወዲህ ጓደኛዬ እንቅልፍ የላትም። ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ወንድሟ ይደውላል፤ “እሺ በይ እንጂ! ነጋዴው ሊሄድብኝ ነው” ይላታል። ማታ ስትዘጋ እናቷ ከጎረቤት ስልክ በሹክሹክታ ይደውላሉ፤ “ልጄ፣ እንዳትዪ!” ይሏታል። ቀን ቀን ደግሞ ደንበኛው ሁሉ ዳኛ ነው። አንዱ “ዘመኑ የብር ነው፣ እሺ በይው” ይላል። ሌላው “የአባትሽን አጥንት ትወጊያለሽ?” ይላል። ስኳር ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ ፍርድ ሰጥቶ ይሄዳል። ልጅቷ ከሳች። ሚዛን ላይ ስኳር እየመዘነች ቁጥር ይጠፋባት ጀመር።

ወንድምየው ክፉ ነው?

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ወንድሟ ላይ ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ይሆናል። ኧረ ቆይ! እሱንም ስሙት።

ቡና ገንዘብ የሚያመጣው በዓመት አንዴ ነው። ያውም የቡናው ዋጋ የሚቆረጠው እሱ ባላየው አገር፣ እሱ በማያውቀው ሰው ነው። ይርጋጨፌ እዚሁ ዞናችን ውስጥ ናት። ስሟ በዓለም ገበያ የሚታፈስ ስም ነው። ኢትዮጵያ “ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞ፣ ሐረር የሚሉት ስሞች የኔ ናቸው” ብላ በ1997 ዓ.ም. አሜሪካ ድረስ የንግድ ምልክት አመልክታ፣ ከስታርባክስ ጋር ስትከራከር ቆይታ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ላይ የደረሰችው በዋዛ አይደለም። ግን ስሙ የከበረለት ቡና እሱ እጅ ላይ ሲደርስ ደብተር፣ ዩኒፎርምና የክረምት ጫማ ገዝቶ አይተርፍም።

ጫት ግን በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል። ዛሬ ቆርጦ ዛሬ ብር ነው። አራት ልጅ ያለው ሰው ይህን ቢያስብ ምን ይፈረድበታል? በጌዴኦ መሬቱ ጠባብ ነው፣ ሰው ብዙ ነው፤ ለዚህም ነው በየቦታው ጫትና ባሕር ዛፍ እንሰትንና ቡናን እየገፋ የመጣው። የአንድ ሰው ጥጋብ አድርገን አንየው።

እናትየውስ? እሳቸውም የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ያ መሬት በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሚጪሌ ላይ የጌዴኦ ገበሬ በባለርስቶች ላይ ሲነሳ እሳቸው ገና ልጅ ነበሩ። ጭሰኛ የነበረው አማታቸው መሬቱን “የኔ” ያለው ከየካቲት 1967ቱ አዋጅ በኋላ ነው። ዋንዛዎቹን የተከሉት ደግሞ ባላቸው ናቸው። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ በቃል አይናገሩትም፤ “እንዳትዪ” ብቻ ነው የሚሉት።

አያችሁ? ሁለቱም ልክ ናቸው። ለዚህ ነው ጓደኛዬ የታመመችው። አንዱ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር።

ለምን ጪጩ?

እኔ ምክር አልሰጠኋትም። መካሪ ሞልቷታል! “ቅዳሜ ሱቅሽን ዝጊና ጪጩ እንሂድ” አልኳት።

“ጪጩ ምን አለ?”

“ዛፍ!”

“ዛፍ?! እኔ እኮ የታመምኩት በዛፍ ነው!” ብላ ሳቀች። ከስንት ሳምንት በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ጪጩ ከዲላ ብዙም አትርቅም። ዲላ ዩኒቨርሲቲ የእጽዋት ማዕከሉን፣ ሰው ቦታኒካል ጋርደን የሚለውን፣ ያቋቋመው እዚያ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1980ዎቹ መጨረሻ የመምህራንና የጤና ኮሌጅ ሆኖ የጀመረ ነው፤ ዛሬ ተማሪው ከየአገሩ ይመጣል። እኛ የከተማው ልጆች ግን ስንቶቻችን ነን ጪጩን ያየነው? እንግዳ ሲመጣ ካልሆነ በቀር የራሳችንን ደጅ አናውቀውም።

ጠዋት በባጃጅ ሄድን። “ለጥቅምት አንድ አጥንት” ይባላል። እኛ ግን ለአጥንቱ የሚበቃ ስላልያዝን አራት ዳቦ፣ ሁለት አቮካዶ፣ ትንሽ ጨውና ቃሪያ ቋጥረን ነበር። ዝናቡ ገና መለየቱ ነው፤ መሬቱ ረጥቧል፣ ፀሐይዋ ግን ለስላሳ ናት። ቡናው እዚህም እዚያም መቅላት ጀምሯል። እንዲህ ያለ ቀን ላይ ሱቅ ውስጥ መቀመጥ በራሱ ኃጢአት ነው!

ባጃጅ ውስጥ አንድ ውል ተዋዋልን። እስከ ምሳ ድረስ የመሬቱን ነገር ማንም አያነሳም። ያነሳ ሰው የመመለሻውን ትራንስፖርት ይከፍላል። ስልኮቹንም አጠፋን። ወንድምየው በዚያ ጠዋት ስንት ጊዜ እንደደወለ አናውቅም።

“የኛ ብርብራ ይህን ሁሉ ስም አለው?”

አንድ ወጣት የማዕከሉ ሠራተኛ እያዞረ አሳየን። ትሁት ልጅ ነው። እያንዳንዱ ዛፍ ዘንድ ቆም እያለ የሳይንስ ስሙን ይነግረናል። ዋንዛ “ኮርዲያ አፍሪካና” ይባላል። ብርብራ ደግሞ “ሚሌቲያ ፈሩጂኒያ” ነው። ጓደኛዬ አፏን ይዛ ሳቀች። “የኛ ብርብራ ይህን ሁሉ ስም አለው? እኛ ቤት እኮ በግ ነው የምናስርበት!”

ልጁም ሳቀና ብርብራ ለምን ከቡና ጋር እንደሚወደድ አስረዳን። ከባቄላና ከአተር ወገን ነው፤ ሥሩ አፈሩን ያበለጽጋል፤ ቅጠሉ ረግፎ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ለቡናው ማዳበሪያ ይሆናል። ጥላው ደግሞ ፀሐዩን ያበርዳል። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ዓሣ እንደሚያሰክር ስነግራቸው እኔም በበኩሌ ትንሽ ኮራሁ፤ ከአያቴ የሰማሁት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ! ጓደኛዬ አስተማሪ ሆነች። ልጁ አንድ ነገር ሲናገር እሷ ሦስት ትጨምራለች። “ዋንዛ ሲደርቅ አባቴ ቀፎ ይሠራበት ነበር። ይኼኛውን ቅጠል እናቴ እንሰት ስትቀብር ከላይ ታለብሰዋለች። ይኼ ዛፍ ያለበት ቦታ ቡናው ቶሎ አይደርቅም” ትላለች። ልጁ ኪሱ ውስጥ የነበረውን ወረቀት አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የማታውቅ ባለሱቅ የዩኒቨርሲቲውን ሰው ታስጽፋለች! እኔ ዝም ብዬ ከኋላ እየተከተልኩ ነው። ሦስት ወር ሙሉ አንገቷን ደፍታ የኖረች ልጅ እኮ ናት።

እንሰቶቹ ዘንድ ስንደርስ ግን ዝም አለች። እንሰት ሙዝ ይመስላል፤ የሙዝ ዘመድ ነው፤ የሚበላው ግን ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ ነው። በኢትዮጵያ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰው በእሱ ይኖራል ይባላል። ተክሉ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። ከደረሰ በኋላ ግን በፈለጉት ወር ይቆረጣል፤ ወቅት አይጠብቅም። ድርቅም ቶሎ አይጥለውም። ጎተራ የማያስፈልገው እህል በሉት፤ ቆሞ ነው የሚጠብቃችሁ።

ጓደኛዬ አንዱን ቅጠል በእጇ ዳበስ አደረገችና “ይኼ እኮ የአባቴ ጓሮ ነው” አለች። ቀጥላም “ልዩነቱ ይኼኛው ዘበኛ አለው” አለች።

ውሉን ልታፈርስ ነው ብዬ ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ሰዓት ሆኗል። ምሳ ደርሷል፤ አመለጠች!

የዱቤ ደብተሯ

ዳቦውን በአቮካዶ እየበላን ተቀመጥን። እሷ ማውራት ጀመረች፤ እኔ እሰማለሁ። ወንድሟን ትወደዋለች። አሥራ ሁለተኛ እስክትጨርስ ደብተሯን የገዛላት እሱ ነው። እናቷንም ትወዳለች። “እሺ ብል እናቴን እገድላለሁ፣ እምቢ ብል የወንድሜን ልጆች እበድላለሁ” አለች። አለቀሰች። እኔም “አይዞሽ” አላልኳትም፤ ሲያልቅላት ጠበቅኳት።

ከዚያ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቅኋት። “ከዚያ መሬት በዓመት ምን ምን ይወጣል?”

ባለሱቅ አይደለች! ቦርሳዋ ውስጥ የዱቤ ደብተሯ ነበር። ከኋላ በኩል አንድ ገጽ ገልጣ በመሃሉ መስመር አሰመረች። በአንድ ወገን “በብር የሚገባ”፣ በሌላው “በብር የማይገባ” ብላ ጻፈች። ማንም አላስተማራት፤ የሱቅ ልማድ ነው።

በብር የሚገባው ቶሎ አለቀ፤ ቡና፣ ትንሽ አቮካዶ፣ አልፎ አልፎ ማር፣ በዓመት አንድ ሁለት በግ። ከዚያ ወደ ሌላው ዞረች። ቆጮና ቡላ፣ ለሰባት ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ። ጎመንና ጎደሬ። የማገዶ እንጨት። የከብቱ መኖ። ለቤት ማደሻ እንጨት። ዳቦ የሚጠቀለልበት ኮባ። የቡናው ጥላ። ዝናብ ሲበረታ ዳገቱን የሚይዘው ሥር። ገጹ አልበቃ ብሏት ገለበጠች።

በመጨረሻ አንድ ነገር ጽፋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “2010” ይላል።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ሲፈናቀል የእነሱም ግቢ ዘመድ አዝማድ ተጠልሎበት ነበር። አሥራ አንድ ሰው ለወራት። “ብር አልነበረንም። እናቴ በየሳምንቱ እንሰት እየፋቀች ነበር ያበላቻቸው። ያኔ ጓሮው ጫት ቢሆን ኖሮ ምን እንሰጣቸው ነበር?” አለችኝ።

ትንሽ አሰበችና ደግሞ “ወንድሜ ይኼን ቆጥሮት አያውቅም። እኔም ቆጥሬው አላውቅም። የሚፍቁት ሴቶች ናቸዋ! የማይሸጥ ነገር ማን ይቆጥረዋል?” አለች።

ይህን የተናገረችው እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። እኔ ያደረግኩት ቢኖር አቮካዶውን መላጥ ብቻ ነው።

ሌላው ዓለም ቆጥሮታል

ስንመለስ መንገድ ዳር ጀበና ቡና ጠጣን። እዚያ ያጫወትኳትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

መስከረም 2016 ዓ.ም. ላይ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ትክል ድንጋዮቹ ብቻ አይደሉም የተመዘገቡት፤ ጓሮው ራሱ፣ ዛፉ፣ እንሰቱና ቡናው ተደራርቦ የሚኖርበት ዘዴ፣ ሽማግሌዎች የሚጠብቋቸው የተከበሩ ደኖች ጭምር ናቸው። በቅርሱ ክልል ውስጥ 250 ሺህ ያህል ሰው ይኖርበታል። ሰው ተባርሮ የተጠበቀ ጫካ አይደለም ማለት ነው። ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ የጌዴኦው ምሁር ታደሰ ኪጴ በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ስለዚሁ የመሬት አያያዝ የዶክትሬት ጽሑፍ ሠርተውበታል። የጽሑፋቸው ርዕስ ስለ አምስት ሺህ ዓመት የሚጠይቅ ነው።

አዲስ አበባን ደግሞ ተመልከቱ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከተማዋ ማገዶ ቢያጥራት ባሕር ዛፍ መጣላት። ችግሯን አቀለለላት፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን እንጦጦና አካባቢው ባሕር ዛፍ ብቻ ሆኖ ቀረ። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር ተባብረው 700 ሄክታር ያህል ከልለው የጉለሌን የእጽዋት ማዕከል ያቋቋሙት ጽዱንና ሌላውን የአገር ዛፍ መልሶ ለማምጣት ነው። አንዴ ከጠፋ በኋላ በአጥር፣ በበጀትና በምሁር ነው የሚመለሰው። ያውም ከተመለሰ!

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ “ለወንድሜ ይኼን ብነግረው ‘ዩኔስኮ ደብተር ይገዛልኛል?’ ነው የሚለኝ” አለች።

ልክ ናት። ይህንንም መመለስ አለብን። በቅርስ ስም ብቻ የሰው ልጅ ትምህርት ቤት አይሄድም።

ከዚያስ?

በሳምንቱ እሁድ የዱቤ ደብተሯን ይዛ ገጠር ወረደች። ከቡና በኋላ ወንድሟን፣ ሚስቱንና እናቷን አንድ ላይ አስቀምጣ ገጹን አነበበችላቸው። “እሺ”ም አላለች፣ “እምቢ”ም አላለች።

ወንድሟ መጀመሪያ ተቆጣ። “ከተማ ገብተሽ ልታስተምሪኝ መጣሽ?” አላት። የዩኔስኮውን ነገር ስትነግረውም እንዳለችው “ደብተር ይገዛልኛል?” አላት፤ ቃል በቃል! ንባቡ ወደ ሁለተኛው ገጽ ሲዞር ግን ሚስቱ ጣልቃ ገባች። “መድኃኒቱን ረስተሻል። ልጁን ሲያመው የምንቀቅልለትን ቅጠል” አለች። እናትየው ደግሞ “ገመዱስ? የእንሰቱ ቃጫ?” አሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ገጹ እየረዘመ ሄደ። በመጨረሻ ወንድምየው ራሱ “ቀፎዎቹን ሦስት ነው ያልሽው፤ አራት ናቸው” ብሎ አረመ።

ተስማሙ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። የደረሱበት ይህ ነው። ታችኛው ጥግ ላይ ቡናው ያረጀበት ቦታ ለሙከራ ጫት ይሆናል። ዋንዛዎቹና እንሰቱ እስከ ዳራሮ በዓል ድረስ አይነኩም። ጓደኛዬ የትምህርት ቤት ወጪውን ግማሽ ትሸፍናለች። ዳራሮ ሲደርስ እንደገና ይቀመጣሉ። እናቷ በጫቱ ደስ አላላቸውም። ወንድሟ በመዘግየቱ ደስ አላለውም፤ የጣውላ ነጋዴውም ሄዷል። እሷ ግን ማታ ማታ መተኛት ጀምራለች። ስኳርም በትክክል ትመዝናለች!

የጌዴኦ ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት ሶንጎ የሚሉት ቦታ አላቸው። ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ተራ በተራ ተናግሮ፣ ሳይቸኩሉ ነው የሚፈረደው። እኛ የዘመኑ ልጆች ግን የሚያክለውን የቤተሰብ ጉዳይ በስልክ “እሺ በይ!” እና “እንዳትዪ!” ልንጨርሰው እንፈልጋለን። እንዴት ይሆናል?

ለእናንተ የምለው

ጓደኛችሁ እንዲህ ያለ መንታ መንገድ ላይ ቆማ ወይም ቆሞ ካያችሁ፣ ከጪጩዋ ቅዳሜ የቀሰምኳትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ፣ ከቤትና ከሥራ ቦታ አውጡ። ጉዳዩ የተፈጠረበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉዳዩን መርሳት አይቻልም። ሩቅ መሄድ የለባችሁም፤ ባጃጅ የሚደርስበት ይበቃል። አዲስ አበባ ያላችሁ ጉለሌ አለላችሁ፣ ሐዋሳ ያላችሁ ሐይቁ ዳር፣ የዲላ ልጆች ደግሞ ጪጩ ደጃችን ናት።

ሁለተኛ፣ እየሄዳችሁ አውሩ። ፊት ለፊት ተፋጥጦ የማይወጣ ቃል ጎን ለጎን ሲሄዱ ይወጣል። ዓይን የሚያርፍበት ነገር ሲያገኝ አፍ ይፈታል። ዛፍ ለዚህ ጥሩ ነው፤ አይፈርድም!

ሦስተኛ፣ የእኛን ውል ተዋዋሉ። እስከ ምሳ ድረስ ጉዳዩ አይነሳም። ሰው ችግሩን ለግማሽ ቀን ሲያስቀምጠው፣ ሲመለስበት መጠኑ ልክ ይሆናል። ሳትበሉም አታውሩ፤ ርቦት የሚወስን ሰው ሁሌም ይቸኩላል።

አራተኛ፣ ፍርድ አትስጡ። ፍርድ ሰጪ ሞልቷል። ይልቅ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙና አስቆጥሩ። በተለይ በብር የማይገባውን። መሬት ብቻ አይደለም እንዲህ የሚቆጠረው፤ ትዳርም፣ ሥራም፣ ከአገር መውጣትም ነው። “ባሕሬን ልሂድ፣ ቤሩት ልሂድ” የምትል እህት ስትመጣባችሁ እስቲ ገጹን በመሃል አስምራችሁ ስጧት። እሷ ራሷ ትሙላው። ምናልባት ቆጥራም ትሄድ ይሆናል፤ ግን አውቃ ትሄዳለች።

በመጨረሻ ደግሞ፣ በሌላ ወገን ያለውን ሰው ክፉ አታድርጉት። ጓደኛችሁ ነገ ተመልሳ አብራው የምትበላው ከእሱ ጋር ነው። እኔ በዚያ ቀን ወንድሟን አንድ ክፉ ቃል ብናገረው ኖሮ እሁድ ዕለት ቀፎውን አራት ነው ብሎ የሚያርማት ሰው አታገኝም ነበር።

በነገራችን ላይ የመመለሻውን ትራንስፖርት የከፈልኩት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ውሉን አላፈረሰችም፤ ግን የዚያን ቀን ሱቋን ዘግታ ነው የዋለችው። ይቺም በብር የማይገባው ወገን ላይ ትጻፍልኝ።

ቸር እንሰንብት!